ተቀናሽ ሃያ

ልኬ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። አንዲት ወፍራም ሴት የተሰፋላትን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና፣ «ይቺ ሴትዮ እኮ ልኬን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች!» ብላ ሳቀች። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ተቀብለው ልኬ፣ ልኬ አሏት፤ እናቷ ያወጣችላት ስም መታወቂያዋ ላይ ብቻ ቀረ። እውነትም ስትለካ አትስትም ነበር። የሰው ትከሻ አይታ ብቻ ስንት ጨርቅ እንደሚበላ የምታውቅ፣ መቀሷን ጨርቅ ላይ ካሳረፈች ወዲያ እጇ የማያመነታ ሴት ናት። በዚህች አንዲት ነገር ትኮራለች። ሌላ የምትኮራበት ነገር ሕይወት አልሰጣትም።

አምስተኛ ክፍል ሳለች እናታቸው ሞተች። ታላቅ እህቷ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የእናታቸውን የስፌት መኪና ወደ መስኮቱ አስጠጋችና፣ «ትምህርቱ ለጊዜው ይቆይሽ። ቁልፍ እየተከልሽ አግዢኝ» አለቻት። ትምህርቱ ቆየ። ይኸው አርባ ዓመት ሆነው፣ እንደቆየ ነው። ልኬ ቂም አልያዘችም፤ ከእህቷ ሌላ ማን ነበራት? እትዬ አብልታት፣ እትዬ አልብሳት አደገች። ሰፈሩም ከእሷ ሰምቶ እትዬ ይላታል። እትዬ አግብታ ባሏ ሞተ፤ አንዲት ልጅ ወልዳ አስተማረች፣ ልጅቷም ሌላ ከተማ አስተማሪ ሆና ቀረች። ልኬ አላገባችም። የጠየቋት ነበሩ፤ የሁሉም ልክ ግን የሆነ ቦታ ላይ ይጎድልባት ነበር።

ሁለቱ የሚሠሩትም የሚኖሩትም መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ሁለት የስፌት መኪና፣ የመቁረጫ ጠረጴዛና ካውያ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት አልጋና አንድ ቁም ሣጥን። ልኬ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፤ እትዬ ትሰፋለች። የእትዬ ኮሌታ እንደ ታጠፈ ወረቀት የቀና ነው፤ ለኮሌታዋ ሲሉ ከሌላ ሰፈር የሚመጡ አሉ። ቀኑን ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይነታረካሉ።

«አንቺ፣ ይህን እጅጌ ለዝሆን ነው የቆረጥሽው?»

«ባለቤቱ ሲመጣ ታዪዋለሽ። ዝሆን ይሻላል ትያለሽ።»

የእትዬ የደም ግፊት የተገኘው በዓይን ሰበብ ነው። ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ አልገባ ብሎ ሲያስቸግራት እትዬ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ መነጽር ይዛ ትመጣለች ሲባል የግፊት ኪኒን ጨምራ ይዛ መጣች። ኪኒኑን ለወራት ዋጠች። ግፊቱ ግን አንዱን ቀን ይወርዳል፣ አንዱን ቀን ይወጣል። በመጨረሻ ሐኪሙ ካርዷን እያገላበጠ ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ እዚህ በተለኩ ቁጥር የተለያየ ነው። በዚህ መወሰን አልችልም። ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ እየተለኩ ጽፋችሁ አምጡልኝ። ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ ሁለተኛ ኪኒን እጨምራለሁ። ከፍ እያለ ዝም ካልነው ደግሞ አንድ ቀን አንጎል ላይ ይወጣል፤ እጅና እግር ይዞ ይሄዳል።» ከዚያ ወደ ልኬ ዞረ። «እርስዎ ነዎት የሚለኩላት?»

«እኔ ነኝ» አለች ልኬ።

«እንግዲያው እኔ የማየው በእርስዎ ዓይን ነው።»

ይህን ቃል ልኬ እስከ ቤት ይዛው ሄደች። እትዬ ግን ስለ ሁለተኛው ኪኒን ነበር የምታስበው። ከቤታቸው ማዶ አትክልት የምትሸጥ ጎረቤታቸው ያንኑ ኪኒን ትወስዳለች፤ የሚያሸና ነው።

«ኧረ እንዳትነኪው!» አለቻት አትክልት ሻጯ። «እኔ ሚዛኑን ጥዬ ወደ ሽንት ቤት ስሮጥ፣ ደንበኛ ቲማቲሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይሮጣል።»

ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ያለውም ግቢው ጥግ ላይ፣ ሃያ ደረጃ ተወርዶ ነው። እትዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። «እኔ ኮሌታ ልስፋ ወይስ ደረጃ ልቁጠር?» አለች። «ልኬ፣ በይ እንግዲህ፣ ደህና አድርገሽ ለኪኝ።»

የግፊት መለኪያዋን የእትዬ ልጅ ገዝታ ላከችላቸው። ነጭ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ያላት ናት። ደርሳ እንደተከፈተች እዚያው ለኩ። እትዬ የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ ገና መግባቷ ነበር። ልኬ ሰውን ከልብሱ በላይ መለካት ስለለመደች ሹራቡ ላይ ጠመጠመችላት፤ እጇም ከስፌት መኪናው ጎን ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ አፏም አላረፈም።

«ይቺ ናት እንዴ ግፊት የምታውቀው? የመላጫ ሳሙና አትመስልም? … ኧረ አጠበቀች! ልኬ፣ እጄን ልትቆርጠው ነው!»

ቁጥሩ መጣ። መቶ ሰባ ሁለት።

«ውሸታም!» አለች እትዬ መለኪያዋን።

በማግስቱ ቀጠሮ ነበራቸው። ነርሷ መለኪያዋን ይዘው እንዲመጡ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር እንደምታስተያያት አስቀድማ ነግራቸዋለች። ልኬ ግን ታክሲ ውስጥ ትጋጫለች፣ ኪስ አውላቂም አለ ብላ ቤት ተወቻት። በምትኩ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆመው፣ ያው ሹራቡ ላይ፣ ያው እየተጣደፉ ለካቻትና ቁጥሩን በቃሏ ያዘች። መቶ ስልሳ ዘጠኝ። ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ወረፋቸው ሲደርስ ነርሷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ለካቻት። መቶ አርባ ዘጠኝ።

ልኬ በልቧ ቀነሰች። ሃያ። ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይጎድል ሃያ። እንዲህ እቅጩን ሲመጣላት ደስ አላት።

ለምን ደስ እንዳላት የሚገባው ሜትሯን የሚያውቅ ብቻ ነው። የልኬ ሜትር ጫፉ አልቆ ከተቆረጠ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የሚጀምረው ከአሥር ነው። አዲስ ግዢ ሲሏት አትሰማም። ከአሥሩ ላይ ይዛ ትለካና አሥር ትቀንሳለች፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። መሣሪያ ጉድለት ቢኖረው ጉድለቱን ማወቅ ነው እንጂ መሣሪያውን መጣል የሞኝ ሥራ ነው ትላለች። የግፊት መለኪያዋም እንግዲህ ሃያ ትጨምራለች። ታወቀ፣ አለቀ።

ነርሷ፣ «መለኪያዋስ?» ስትል፣ «ለሚቀጥለው» አለች ልኬ። ስለ ሃያዋ ትንፍሽ አላለችም። ምን ብላ ትናገር? የመንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነርስ ፊት ስለ ማሽን ልታስረዳ ነው?

«በሉ እሺ» አለች ነርሷ፤ ወረፋው ረጅም ነበር። «አለካኩን ግን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ። ወንበር ላይ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ መሬት ረግጠው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ዝም ማለት ዝም ነው፣ ወሬ የለም። ክንድ ባዶ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ከልብ ትይዩ። ሁለት ጊዜ ይለካል፣ በመሃል አንድ ደቂቃ እረፍት። ጠዋት ኪኒን ሳይዋጥ፣ ማታ ከእራት በፊት። ያያችሁትን ጻፉ። የላይኛው ቁጥር ከመቶ ስልሳ በላይ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ኑ።»

ልኬ ሁሉንም ያዘች። እንደሷ አድርጎ የያዘ በሽተኛ አስታማሚ ያ ጤና ጣቢያ አይቶ አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ወንበሩን ግድግዳ አስጠጋች፤ ጠረጴዛው ዝቅ ስላለ ጨርቅ አጣጥፋ ከክንዷ ሥር አደረገች፤ በሩን ዘጋች፤ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ጀምሪ እንጂ» አለች እትዬ።

«ዝም በዪ። አምስት ደቂቃ።»

«አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ አላውቅም እኮ።»

«አውቃለሁ። አሁን ከመጀመሪያ ጀምረናል።»

ሁለቱ እህትማማቾች በአርባ ዓመት ውስጥ ሳይነታረኩ የተቀመጡበት የመጀመሪያው ጊዜ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ሣቃቸው እየመጣ ተቸገሩ። ኋላ ለመዱት። ልኬማ ወደደችው። ከመንገድ የሰው ኮቴ ይሰማል፣ እትዬ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፣ ሰዓቱ ይሄዳል። እስቲ አሁን በዓለም ላይ እንዲህ በጥንቃቄ የሚለካ ማን አለ ትላለች በልቧ።

ቁጥሩ መቶ ሃምሳ ሁለት መጣ።

ልብ በሉ፤ ሹራቡ ወልቋል፣ ክንዷ ተደግፏል፣ አፏ ተዘግቷል። መለኪያዋ እውነቱን እየተናገረች ነው። ልኬ ግን እስኪርቢቶዋን አነሳችና ደብተሩ ላይ መቶ ሠላሳ ሁለት ብላ ጻፈች።

«ስንት ነው?» አለች እትዬ።

«መቶ ሠላሳ ሁለት።»

«ማሽኗ እንዲህ አለች?»

«ማሽኗ መቶ ሃምሳ ሁለት ነው ያለችው። ሃያ ትጨምራለች ብዬሽ የለ?»

«እሰይ!» አለች እትዬ። «ይቺን ሃያ እንዳትረሺያት አደራ።»

አልረሳቻትም። ጠዋትና ማታ፣ በአንድ መስመር ሁለት ቁጥር፣ ቀኑ በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ፣ በማስመሪያ ተሰምሮ። የአምስተኛ ክፍል ጽሕፈቷ እየጠራ መጣ። ደብተሩ ለሐኪሙ ሲቀርብ ነርሷ እረፍት ላይ ነበረች፤ ስለ መለኪያዋ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አየ።

«ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«እኔ ነኝ።»

«የተማሩ ሰዎች እንኳ እንዲህ አድርገው አያመጡልኝም።» ገጹን ከጎኑ ላለው ሐኪም አሳየው። «መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሠላሳ አምስት፣ መቶ ሃያ ስምንት። በጣም ጥሩ ነው። ሁለተኛ ኪኒን አያስፈልግም። በዚሁ ይቀጥሉ።»

ልኬ ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም። አርባ ዓመት ቆይቶ የቀረው ትምህርት በዚያች ቀን የመጣላት መሰላት። እትዬም ከደረጃው ስለዳነች ደስ ብሏታል፤ ለአትክልት ሻጯ በመስኮት ጮኻ ነገረቻት። ማናቸውም ያን ቀን ያዘኑበት ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ወር የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ሥራ መጣ። ሁለት መቶ ሸሚዝ፣ ሁለት መቶ ኮሌታ። እንዲህ ያለ ሥራ ገጥሟቸው አያውቅም። እትዬ ከመኪናዋ አልነሳ አለች፤ ምሳዋን እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ታንጎላጃለች። በሣምንቱ ራሴን፣ ራሴን ማለት ጀመረች። ማጅራቷን በመሐረብ አስራ ትሰፋለች።

ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። መቶ ስልሳ ሦስት፤ ልኬ መቶ አርባ ሦስት ብላ ጻፈች። መቶ ስልሳ ዘጠኝ፤ መቶ አርባ ዘጠኝ። አንድ ቀን ማታ፣ ሃያ ኮሌታ ሲቀር፣ መለኪያዋ መቶ ሰባ ስምንት አለች። ልኬ ደገመቻት። ያው መቶ ሰባ ስምንት።

እስኪርቢቶዋን አነሳች። ሲቀነስ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው። ከመቶ ስልሳ በታች ነው። ግን እስኪርቢቶዋን መልሳ አስቀመጠችና ወደ እህቷ ዞረች።

«እትዬ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ብንሄድስ?»

«ስንት ሆነና?»

«መቶ ሃምሳ ስምንት።»

«ከስልሳ ካለፈ አይደል ኑ ያለችው?»

«ነው።»

«ታዲያ አለፈ?»

«አላለፈም።»

«እና ምን አስነሳሽ? ሥራውን የሰጠን ሰውዬ ከነገ ወዲያ ልብሱን ሊወስድ ይመጣል። ሃያ ኮሌታ ነው የቀረኝ። እሱን ጨርሼ የፈለግሽበት ውሰጂኝ፣ ከፈለግሽ ቅበሪኝ።»

ልኬ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ሥራው እንዲያልቅ ትፈልግ ነበር። መቶ ሃምሳ ስምንት ብላ ጻፈች፤ መስመሯን አሰመረች።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ከሽንት ቤት ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን አስደገፈች፤ እግሯን መሬት አስረገጠች፤ ግራ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ልኬ ጨርቁን ጠመጠመችና ፊቷን ወደ ሰዓቱ አዞረች።

ሁለት ደቂቃ እንዳለፈ እትዬ የሆነ ድምፅ አሰማች።

«ዝም በዪ፣ እትዬ። ገና ሦስት ደቂቃ አለን።»

እንደገና ድምፅ መጣ፤ ምላስ የታሰረበት፣ እንደ ሕፃን ዓይነት። ልኬ ሰዓቱን እያየች ተቆጣች። «አንቺ ሴትዮ! ከተናገርሽ ከመጀመሪያ እንደምንጀምር ታውቂያለሽ። ዛሬ ደግሞ ጊዜ የለንም።»

የእትዬ ቀኝ እጅ ከጭኗ ተንሸራቶ ወደ ጎን ወረደ። ልኬ በዓይኗ ጠርዝ አየችው፤ ያኮረፈች መሰላት። «ተረጋጊ። እጅሽን አታንቀሳቅሺ።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ልኬም ሦስቱን ደቂቃ አንድ በአንድ ጠበቀች። አምስቱ ሲሞላ ቁልፉን ተጫነች፤ ጨርቁ ተነፋ፣ ጠበቀ፣ ተነፈሰ። ሁለት መቶ አራት። ልኬ መለኪያዋ የተበላሸች መስሏት፣ «እንዴ! ይቺ ነገር ዛሬ ምን ነካት?» ብላ ያኔ ነው ቀና ብላ የእህቷን ፊት ያየችው። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ከከንፈሯ ጥግ ምራቅ ይወርዳል። ዓይኖቿ ልኬ ላይ ናቸው፤ ያለቅሳሉ። ከመቼ ጀምረው ልኬ ላይ እንደነበሩ እግዜር ይወቅ።

አትክልት ሻጯ ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ ታክሲ አስቆሙ፤ ተሸክመው አስገቧት። ልኬ የያዘችውን ሳታውቅ ደብተሩንና መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ኖሯል።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ከማሻገሩ በፊት ነርሷ ለካቻት። ከዚያ ቦርሳው አፍ ላይ ነጩን ዕቃ አየች።

«ይቺ ናት እንዴ? እስቲ ዛሬ እንኳ ላስተያያት።»

በዚያው ክንድ በሁለቱም ለካች። የጤና ጣቢያው መቶ ሰማንያ ስድስት፣ የእነሱ መቶ ሰማንያ ስምንት።

«ደህና ናት፣ መለኪያችሁ።»

«ሃያ አትጨምርም?» አለች ልኬ።

«ኧረ ሁለት ናት። ማን እንዲህ አለዎት?»

ልኬ ደብተሩን ሰጠቻት። ከዚያም ስለ መጀመሪያው ቀን፣ በር ላይ ቆመው ስለለኩት፣ ስለ ሃያዋ ሁሉንም ነገረቻት።  ነርሷ በማስመሪያ የተሰመሩትን ገጾች አንድ በአንድ ገለጠች።

«ሹራብ ላይ ነው የለካችሁት» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እጇም ወርዶ። ሃያውን የጨመረው እሱ ነው እንጂ ማሽኗ አይደለችም። እጅጌውን የሰበሰባችሁ ዕለት ሃያው ሄዷል። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ ሌላ ሃያ ቀነሱ።» ደብተሩን መልሳ ሰጠቻትና፣ «ለምን አልጠየቁኝም?» አለቻት።

«ስለ መለካት ሰው ጠይቄ አላውቅም» አለች ልኬ።

የእትዬ ልጅ በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ደረሰች። የእናቷን የማይንቀሳቀስ እጅ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ ልኬ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አክስቴ። ርካሹን ነው የገዛሁት። ባለሱቁ የተሻለ አለ ብሎኝ ነበር። ደብተርሽን አይቻለሁ፤ አንቺ ከዚህ በላይ ምን ልታደርጊ? ያቺ ውሸታም ማሽን ናት ጉድ የሠራችን።»

ልኬ ጀርባዋን ደባበሰችላት። ያን ቀን ዝም አለች፤ በማግስቱም ዝም አለች። ልጅቷ ምግብ አልበላ አለች፤ በርካሽ ዕቃ እናቴን ገደልኳት እያለች ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ትናገራለች። በሦስተኛው ቀን ልኬ ኮሪደር ላይ ጠርታ ነገረቻት። ባጭሩ ነው የነገረቻት። ሰበብ አልጨመረችም።

ልጅቷ እያየቻት ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች።

«የምርሽን ነው? እንዲሁ በጭንቅላትሽ ሃያ ቀነስሽ?»

«በጭንቅላቴ።»

«ሰው ጨርቅ አይደለም እኮ፣ አክስቴ።»

ከዚህ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድባት ለልኬ ይሻል ነበር። አሁንም ከምትሠራበት ከተማ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ እንደምን ዋልሽ የለም። «ስልኩን እማዬ ጆሮ ላይ አድርጊልኝ» ትላለች፤ ልኬም ታደርጋለች።

እትዬ በወሩ ወደ ቤት ተመለሰች። እግሯ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ቀኝ እጇ አይሠራም። ከአፏ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሺ። ሐኪሙ አንዳንድ ሰው እንዲህ አንድ ቃል ይዞ ይቀራል፣ ሌላውም ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል ብሏል። እስካሁን አልተመለሰም። ሻይ ልስጥሽ ሲሏት እሺ። ያምሻል ሲሏት እሺ። ማን ናት ይቺ ሲሏት እሺ። አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር በእሺ ተቀብላ የማታውቅ ሴት።

የቀሩትን ኮሌታዎች ልኬ ሰፋቻቸው። ሰውየው ሲቀበላት ሃያዎቹን ለብቻ ለየና፣ «እነዚህ ይጎረብጣሉ» አላት። አልተከራከረችም።

ሁለተኛው ኪኒን ተጨምሯል። ጠዋት ጠዋት ልኬ እህቷን ወንበሩ ላይ ታስደግፋታለች፣ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ሰዓቱን ግን አታይም፣ ፊቷን ነው የምታየው። መቶ ሃያ ስድስት። መቶ ሃያ ዘጠኝ። መለኪያዋ ያሳየችውን ትጽፋለች። ሐኪሙ ሲያይ በጣም ጥሩ ነው ይላል። ቁጥሩ እውነትም ጥሩ ነው። ለእትዬ እጅና ምላስ ግን ዘግይቷል።

ጎረቤቱ ስለ ሃያዋ ስለማያውቅ ልኬ ጋ መጥቶ መለካት ጀምሯል። አንድ ቀን አትክልት ሻጯ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች፤ ቁጥሩ ሲወጣባት ሣቅ ብላ፣ «ልኬ፣ ለጎረቤት ትንሽ አሳንሺልኝ እንጂ!» አለቻት። ልኬ ጨርቁን ከክንዷ ላይ ፈታችና፣ «ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ዛሬውኑ» ብላ ከመጋረጃው ወዲያ ገባች። አትክልት ሻጯ ምን እንዳስቀየመቻት ሳይገባት ወጣች።

ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ልኬ እግሯ ሥር ተቀመጠች። ለነርሷ ነግራለች፣ ለልጅቷ ነግራለች፤ ለባለጉዳይዋ ለራሷ ለእትዬ ግን አልነገረችም ነበር። ወራት ሙሉ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል ኖራለች።

«እትዬ» አለቻት። «ሃያ አትጨምርም ነበር። ማሽኗ ደህና ነበረች። እኔ ነኝ በየቀኑ የቀነስኩት። ያን ቀን ማታ መቶ ሰባ ስምንት ነበርሽ። ልወስድሽ ይገባኝ ነበር።»

እትዬ አየቻት።

«እሺ» አለች።

«ገብቶሻል የምልሽ? ይሄን ያደረግኩሽ እኔ ነኝ።»

«እሺ።»

«አትሰድቢኝም? ጥፊም ቢሆን አንድ እጅ አለሽ እኮ።»

«እሺ» አለች እትዬ፤ ድምፁ ከፊተኛው አልከፋም፣ አልለዘበም።

ልኬ ፊቷን አጥብቃ አየችው። ይቅርታ ይሁን፣ ቁጣ ይሁን፣ ወይ ሻይ ሲቀርብላት የምትለው እሺ ይሁን፣ ከፊቷ ላይ ፈልጋ አጣችው። በመሐረብ አገጯን ጠረገችላት፤ ትራሷን አስተካከለችላት። ከመጋረጃው ወዲህ ሰው ሲጠራ ተሰማ፤ ቀሚስ የምታሰፋ ደንበኛ ናት።

«መጣሁ» አለች ልኬ።